ምዕራፍ ሰባት፦ ግማሽ ምግብ፣ ግማሽ መድኃኒት

በ2008 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ዳግም እንዳይታይ አገደ። ማስታወቂያው ሆርሊክስ የሚባለውን የብቅልና የወተት ዱቄት የሚጠጡ ልጆች ይረዝማሉ፣ ይጠነክራሉ፣ አእምሯቸውም ይሰላል ይል ነበር። የአምራቹ ማብራሪያ አጭር ነው፦ ማስታወቂያው የተሠራው ለባንግላዴሽ ተመልካች ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ የታየው በስሕተት፣ የእስያ ተወላጆች በሚከታተሉት ጣቢያ በኩል ነው።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ሆርሊክስ ለእንግሊዞች እንግዳ አለመሆኑ ነው። እዚያ አዛውንቶች ከመኝታ በፊት የሚጠጡት ትኩስ መጠጥ ነው። በዳካና በኮልካታ ደግሞ ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት የሚሰጠው የዕድገት መጠጥ ነው። አንዱ አገር ያስተኛል፣ ሌላው አገር ያነቃል። ጣሳው ሲከፈት ግን የሚገኘው በመሠረቱ ያው ስንዴ፣ ብቅል፣ ወተትና ስኳር ነው።

በወተት ወይም በሙቅ ውሃ የሚበጠበጡት እነዚህ ጣፋጭ ዱቄቶች፣ ሆርሊክስ፣ ኦቫልቲን፣ ማይሎ፣ ቦርንቪታ፣ ኔስኩዊክና መሰሎቻቸው፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታዩ ከብስኩትና ከሻይ ቅጠል የማይለዩ ተራ ሸቀጦች ይመስላሉ። ቁጥጥር የጠበቀበት ገበያ በር ላይ ሲደርሱ ግን የሚቀርብላቸው ጥያቄ ብዙ ነው። የጥያቄዎቹ ሁሉ ሥር አንድ ነው። የእነዚህ ዱቄቶች ሻጭ ተስፋውን ከመድኃኒት፣ ነጻነቱን ደግሞ ከምግብ መውሰድ ይፈልጋል። የተቆጣጣሪው ሥራ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

ከመድኃኒት ቤት የወጣ ዱቄት

ጄምስ ሆርሊክ የመድኃኒት ባለሙያ ነበር። ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1873 ከወንድሙ ከዊልያም ጋር ሥራ ሲጀምር ያሰበው ለሕፃናትና ለሕሙማን የሚሆን ምግብ ነው። በ1883 በውሃ ብቻ ለሚበጠበጠው የብቅል ወተት ዱቄታቸው የፈጠራ መብት አገኙ፤ ፋብሪካቸውም በዊስኮንሲን ግዛት በራሲን ከተማ ነበር። በስዊዘርላንዷ በርን ጌኦርግ ዋንደር የተባለ ኬሚስት የጀመረውን የብቅል ሥራ ልጁ አልበርት ቀጥሎ በ1904 ኦቮማልቲንን አወጣ። ኦቫልቲን በሚል ስም የምናውቀው ይኸው ነው። በአውስትራሊያ ቶማስ ሜይን በ1934 ማይሎን ሲሠራ አገሩ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች፤ በቂ ምግብ የማያገኙ ልጆችን የሚደግፍ መጠጥ ተብሎ ነው የቀረበው። ስሙንም ያወጣለት በጥንታዊው ግሪካዊ ጡንቸኛ ታጋይ በክሮቶኑ ሚሎ ነው።

ለዘመናቸው የሚናቅ ነገር አልነበሩም። ብቅሉ ለጠላ የምናውቀው ብቅል ነው። እህሉ ውሃ ጠጥቶ ሲበቅል የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ስታርቹን ሰባብረው ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ ለሆድ ይቀላል፣ ለምላስም ይጣፍጣል። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት፣ የከተማ ወተት ውሎ ሳያድር በሚበላሽበትና በሽታ ተሸክሞ በሚመጣበት ጊዜ፣ ለወራት የሚቀመጥ ደረቅ ወተት ትልቅ ነገር ነበር። የዋልታ አሳሾች ሳይቀሩ ሆርሊክስን ስንቅ አድርገው ይዘውታል።

ከዚያ በኋላ ወተቱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ቫይታሚኑም በየቤቱ ገባ። ዱቄቱ መድኃኒት ቤቱን ለቆ ወደ ሱቅ ወጣ። አነጋገሩ ግን አልተለወጠም። በ1930ዎቹ የሆርሊክስ ማስታወቂያዎች እንግሊዛውያንን «የሌሊት ረሃብ» የሚባል ችግር እንዳለባቸው ያሳምኑ ነበር፦ ሰው ተኝቶ ሳለ ጉልበቱ ስለሚያልቅ ጠዋት ደክሞት ይነሣል፣ መፍትሔው አንድ ኩባያ ሆርሊክስ ነው። ሕመሙንም መድኃኒቱንም ያመጣው ማስታወቂያው ነበር። የዛሬው የቁጥጥር ሕግ የሚታገለው ከዚህ አነጋገር ጋር ነው።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ፦ ምንድን ነው?

አስመጪ መጀመሪያ የሚገጥመው የጤና ሳይሆን የቀረጥ ጥያቄ ነው። አብዛኛው የዓለም አገር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ዕቃን የሚመድበው በዓለም አቀፉ የታሪፍ ቁጥር፣ ነጋዴው ኤችኤስ ኮድ በሚለው ነው። በዚህ አመዳደብ ተራ የወተት ዱቄት፣ ስኳር ቢጨመርበትም እንኳ፣ 0402 ላይ ይውላል። ወተት ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ የምግብ ዝግጅት ሲሆን ወይም መሠረቱ የብቅል ተዋጽኦ ሲሆን ወደ 1901 ይሄዳል። ኮኮዋ ከገባበት ሌላ ሚዛን ይመጣል፦ ወተት ላይ በተመሠረተ ዝግጅት ውስጥ ያለው ኮኮዋ፣ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ እንደወጣ ታስቦ፣ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ እዚያው 1901 ላይ ይቆያል። 5 በመቶ ከደረሰ 1806፣ ማለትም የቸኮሌትና የኮኮዋ ምርቶች ጎራ ውስጥ ይገባል።

በተግባር ሲታይ፣ አንድ ነጋዴ ባለ ቫኒላ፣ ባለ እንጆሪና ባለ ቸኮሌት ጣሳዎች በአንድ ኮንቴይነር አስጭኗል እንበል። ፋብሪካው አንድ ነው፣ ሥዕሉ አንድ ነው፣ ክብደቱም እኩል ነው። ቸኮሌቱ ግን ብቻውን በሌላ ቁጥር፣ ምናልባትም በሌላ የቀረጥ መጠን ሊስተናገድ ይችላል። ሦስቱንም በአንድ መስመር ዲክላራሲዮን ላይ ያሰፈረ ትራንዚተር ዕቃውን ለፍተሻ፣ ደንበኛውን ለቅጣት ይዳርጋል። ስለዚህ ከዋጋ ማቅረቢያው በፊት ከአምራቹ መጠየቅ ያለበት የእያንዳንዱ ጣዕም የንጥረ ነገር መቶኛ ነው። «ባለ ቸኮሌት ጣዕም» የሚለው ጽሑፍ ኮኮዋው ስንት እንደሆነ አይናገርም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ወተት» የሚለው ስም ራሱ ይገባዋል ወይ የሚል ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን፣ ኮዴክስ፣ የወተት ዱቄት ሊያሟላ የሚገባውን በቁጥር አስቀምጧል፦ ውሃው ከ5 በመቶ አይበልጥም፤ ቅቤው ያልወጣለት ከሆነ ቅባቱ ቢያንስ 26 በመቶ ነው፤ ከቅባት ውጭ ካለው የወተት ጠጣር ክፍል ደግሞ ቢያንስ 34 በመቶው ፕሮቲን መሆን አለበት። የወተቱ ቅባት ወጥቶ በምትኩ የአትክልት ዘይት የገባበት ዱቄት ዋጋው ይረክሳል፤ በመልክም በጣዕምም ከወተት ዱቄት ለመለየት ያስቸግራል። ለእሱ ግን በ2006 የራሱ ደረጃ ወጥቶለታል፤ በንጹሕ ወተት ዱቄት ስም መሸጥ አይችልም። ላም የተሣለበት ጣሳ ሁሉ የላም ቅቤ የለበትም ማለት ነው።

ወተቱ የማን ነው?

በ2008 ቻይና ውስጥ የደረሰው ጥፋት ይህን ንግድ ለሁልጊዜው ለውጦታል። ወተት ላይ ውሃ የሚጨምሩ ሰዎች ፕሮቲኑ አንሶ እንዳይታወቅባቸው ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል ጨመሩበት። ዘዴው የሠራው የተለመደው የፕሮቲን ምርመራ ፕሮቲንን በቀጥታ ስለማይለካ ነው፤ የሚለካው ናይትሮጅንን ነው፤ የሜላሚን ሁለት ሦስተኛ ክብደት ደግሞ ናይትሮጅን ነው። ምርመራው «ፕሮቲኑ ሙሉ ነው» አለ፤ የሕፃናቱ ኩላሊት ግን ጠጠር ሠራ። ስድስት ሕፃናት ሞቱ፣ ወደ 300,000 የሚጠጉ ታመሙ።

መዘዙ በሕፃናት ወተት አላበቃም። ያው ወተት ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ቸኮሌትና የወተት መጠጥ ውስጥ ገብቶ ስለነበር በየአገሩ ዕቃ ከመደርደሪያ ተነሣ። ኮዴክስ በ2010 ለሕፃናት ወተት ዱቄት በኪሎ 1 ሚሊግራም፣ ለሌላ ምግብ 2.5 ሚሊግራም የሜላሚን ጣሪያ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የምግብ ተቆጣጣሪ ዱቄቱ የታሸገበትን አገር ብቻ ጠይቆ አይመለስም፤ የወተቱን መነሻ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ወተት የተቀላቀለበት ምርት ከውጭ ሲገባ ወተቱ ራሱ ፈቃድ ካላቸው አገርና ፋብሪካ መምጣቱ መረጋገጥ አለበት። በአንድ አገር ወተት ገዝቶ፣ በሌላ አገር ቀላቅሎ፣ በሦስተኛ አገር የሚያሽግ ፋብሪካ ይህን ሰንሰለት በወረቀት ማሳየት ካልቻለ የአስመጪው ገንዘብ ድንበር ላይ ይቀራል።

ቫይታሚን ሲበዛ

ብዙ ነጋዴ ጣሳው ላይ የቫይታሚኑ ዝርዝር በረዘመ ቁጥር ዕቃው ይበልጥ ተቀባይነት የሚያገኝ ይመስለዋል። ዴንማርክ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አገሪቱ ቀድሞ የሕዝቡ የምግብ እጥረት ካላስገደደ በቀር ቫይታሚን የተጨመረበት ምግብ እንዲሸጥ አትፈቅድም ነበር። በ2003 የአውሮፓ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ጅምላ ክልከላ አይቻልም፣ እያንዳንዱ ምርት በሚያስከትለው ጉዳት ይመዘን ብሎ ፈረደባት። ዴንማርክም ፍርዱን ተቀብላ በ2004 ቅድመ ፈቃድ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት ኬሎግስ የቁርስ እህሎቹን በብረት፣ በካልሲየም፣ በፎሊክ አሲድና በቫይታሚን ቢ6 ለማበልጸግ ያቀረበውን ማመልከቻ ሳትቀበለው ቀረች። ምክንያቷ ግልጽ ነበር፦ አንድ ልጅ ጠዋት ከሚበላው እህል፣ ከሚጠጣው ዱቄትና ከሚውጠው ኪኒን ሲደመር መጠኑ ከልክ ሊያልፍ ይችላል።

በ2011 ዳቦ ላይ የሚቀባው የእንግሊዞቹ ማርማይት በዴንማርክ ታገደ ተብሎ ዓለም ሲያወራ ኦቫልቲንና ሆርሊክስም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው ተነሣ። የዴንማርክ ምግብ ባለሥልጣን የሰጠው መልስ ለአስመጪ ሁሉ ትምህርት ነው፦ ማርማይት አልታገደም፤ እንዲሸጥ ፈቃድ የጠየቀ ሰው ግን የለም።

ካናዳም በ2014 ተመሳሳይ ነገር አሳየች። በሳስካቱን ከተማ የእንግሊዝ ምግቦችን ለናፋቂዎቻቸው የሚያቀርብ ሱቅ ያስመጣው ዕቃ ተያዘበት፤ ኦቫልቲንም ከተያዙት መካከል ነበር። የአገሪቱ የምግብ ባለሥልጣን ችግሩ የምርቶቹ ስም ሳይሆን በካናዳ ያልተፈቀዱ ቫይታሚኖችና ማዕድናት የተጨመሩባቸው መሆናቸው እንደሆነ አስረዳ። ትልልቅ ኩባንያዎች በአንድ ስም ለየአገሩ የተለያየ ቅንብር ይሠራሉ። ከሌላ አገር ጅምላ ሻጭ አርክሶ የሚገዛ ነጋዴ ስሙን ያገኛል እንጂ ለእሱ ገበያ የተፈቀደውን ቅንብር ላያገኝ ይችላል።

በዱቄቱ ይለካ ወይስ በብርጭቆው?

አውስትራሊያ በ2014 ምግብን ከግማሽ እስከ አምስት ኮከብ የሚመዝን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ምልክት ጀመረች። ማይሎ ጣሳው ላይ አራት ተኩል ኮከብ ለጠፈ። ስሌቱ ዱቄቱን ብቻውን አልነበረም የሚመዝነው፤ በመመሪያው መሠረት ቅቤው በወጣለት ወተት ከተበጠበጠ በኋላ ያለውን መጠጥ ነበር። ዱቄቱ ለብቻው ቢመዘን የሚደርሰው አንድ ተኩል ኮከብ ነበር። ሦስቱ ኮከቦች የላሟ ነበሩ ማለት ነው። የሸማቾች ማኅበሩ ቾይስና የጤና ባለሙያዎች ሰው ማይሎን በሙሉ ወተት እንደሚጠጣ፣ ልጆችም በማንኪያ ደረቁን እንደሚቅሙት እያነሡ ተከራከሩ። የማይሎ አምራች ኔስሌ በ2018 ኮከቦቹን ከጣሳው አነሣ።

ሲንጋፖር ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የታሸጉ መጠጦችን በስኳርና በሳቹሬትድ ቅባት መጠናቸው ከኤ እስከ ዲ ትመድባለች። ዱቄትም የሚመዘነው አምራቹ ባዘዘው መሠረት ከተበጠበጠ በኋላ ነው። ነገር ግን ምደባው ለሁሉም ግዴታ ነው፤ ሲና ዲ ያገኘ መጠጥ ውጤቱን ፊቱ ላይ መለጠፍ አለበት፤ በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 ግራም በላይ ስኳር ያለው ዲ ይሆናል፤ ዲ የሆነ ማስታወቂያ አይሠራም። ሁለቱም አገሮች የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ በዱቄቱ ይለካ ወይስ በብርጭቆው? አስመጪው ከዚህ የሚወስደው በአንድ ገበያ የሚያስመሰግን ቁጥር በሌላው እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር እንደሚችል ነው።

የሕንዱ ትምህርት

ከሁሉም ዝርዝሩ የበለጸገው ታሪክ የሕንድ ነው። ቦርንቪታ ሕንድ የገባው በ1948 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ትውልድ ወተቱን በእሱ እየጠጣ አድጓል። በኤፕሪል 2023 በማኅበራዊ ሚዲያ የምግብ ማሸጊያ ጽሑፎችን የሚተነትን ወጣት የጣሳውን የስኳር መጠን የሚተች ቪዲዮ ለቀቀ፤ ሚሊዮኖች አዩት። ኩባንያው በጠበቃ ማስጠንቀቂያ ላከበት፤ ወጣቱም ይቅርታ ጠይቆ ቪዲዮውን አነሣ። ጉዳዩ ግን በዚያ አልተዘጋም፤ የሕፃናት መብት ኮሚሽኑ ኩባንያው አሳሳች ናቸው ያላቸውን ማስታወቂያዎችና የጣሳ ጽሑፎች እንዲያነሣ ጠየቀ።

ኩባንያው ራሱ የሰጠው ቁጥር ይህ ነው፦ በአንድ ጊዜ መጠን፣ ማለትም በ20 ግራም ዱቄት፣ 7.5 ግራም የተጨመረ ስኳር አለ፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፣ ከዕለታዊ ገደብም በታች ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ጣሳውን ግን ዞር አድርገን እናንብበው። የ400 ግራም ጣሳ ሃያ ጊዜ ይጠጣል። ሃያ ጊዜ 7.5 ግራም 150 ግራም ነው። አንድ ጣሳ የገዛች እናት፣ በኩባንያው በራሱ ሂሳብ፣ ሠላሳ የሻይ ማንኪያ ስኳር በዱቄት ዋጋ ገዝታለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው በ100 ግራም የነበረውን 37.4 ግራም የተጨመረ ስኳር ወደ 32.2 አወረደ።

ከዚያም የምግብ ባለሥልጣኑ በኤፕሪል 2024 ለኢንተርኔት ገበያዎች መመሪያ ላከ፦ የወተት፣ የእህልና የብቅል መጠጥ ዱቄቶችን «የጤና መጠጥ» ከሚለው መደብ አውጡ። የንግድ ሚኒስቴሩም በቀናት ልዩነት ቦርንቪታን በስም ጠርቶ ተከተለ። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነበር፤ የአገሪቱ የ2006 የምግብ ሕግ «የጤና መጠጥ» የሚባል ነገር አያውቅም። በዚያው ወር ሆርሊክስን በሕንድ የሚሸጠው ኩባንያም ምርቱን «የጤና ምግብ መጠጥ» ማለቱን ተወ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዱቄቱ መርዝ ነው ያለ የለም፤ ከገበያም አልወጣም። የተነሣው የተቀመጠበት ስም ነው። ለአሥርት ዓመታት አንድ ሙሉ መደርደሪያ የቆመው ሕግ ባልሰጠው ስም ላይ ነበር፤ ለመውደቁ ደግሞ ሁለት ደብዳቤ በቃ።

ወደ እኛ ገበያ ስንመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ የዱቄት ወተት ስሙ ኒዶ ነው እስኪባል ድረስ ይህ ዕቃ ከቤታችን የገባ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመለስ ሰው ሻንጣ ውስጥም አይጠፋም። በሻንጣ ለቤተሰብ የመጣ ጣሳና በካርቶን ለሱቅ የመጣ ጣሳ ግን በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በእኛ አቆጣጠር) መሠረት የገበያ ምግብ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው። ጽሑፉ ዐረብኛ ብቻ የሆነ ጣሳ ደግሞ ገዢው ስለ ስኳሩም፣ ስለ መጠቀሚያ ጊዜውም፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነም ሊያነብበው የማይችለው ዕቃ ነው።

የዕድሜው ጉዳይ ዋዛ አይደለም። ጣፋጭ የወተት መጠጥ የጡት ወተት ምትክ አይደለም፤ ከጎን ለጎን በተመሳሳይ ቀለም ሲደረደር ግን ይምታታል። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 የወጣው የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሸጡ ወተቶችንም እንደሚያካትት በ2016 ያብራራው። በኤፕሪል 2024 ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ባወጣው ሪፖርት፣ በጀርመንና በእንግሊዝ ያለ ተጨማሪ ስኳር የሚሸጠው የስድስት ወር ሕፃናት የስንዴ ሴሬላክ በኢትዮጵያ በአንድ ጊዜ መጠን ከ5 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር ተገኝቶበታል። አንድ ስም፣ ሁለት ቅንብር፤ ልዩነቱን የሚወስነው በአብዛኛው የገበያው ቁጥጥር ጥብቀት ነው።

ይህን ዕቃ ለማስመጣት ላሰበ ሰው የሥራው ቅደም ተከተል ከተለመደው ይለያል። ብዙዎች ዋጋ ይደራደራሉ፣ ኤልሲ ይከፍታሉ፣ ያስጭናሉ፤ የጣሳው ጽሑፍ የሚታየው ዕቃው ወደብ ሲደርስ ነው። ያኔ የሚገኝ ጉድለት ውድ ነው። ስኳርና ብቅል እርጥበት ይስባሉ፤ ወተቱ ቅባት ካለው በሙቀት ጣዕሙ ይበላሻል። የወረቀት ጥያቄ እስኪመለስ ጅቡቲ ወይም ሞጆ የከረመ ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ዱቄት ይጓጉላል፤ ዲመሬጁ ይቆጥራል፤ የመጠቀሚያ ጊዜውም ይነድዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱ ጣዕም ሙሉ ቅንብር በመቶኛ ይምጣ፤ በእሱ የታሪፍ ቁጥሩ ይወሰን። ቀጥሎ የወተቱ መነሻ አገርና ፋብሪካ በሰነድ ይረጋገጥ። ከዚያ የቫይታሚኑና የማዕድኑ መጠን ከሚገባበት አገር ገደብ ጋር ይነጻጸር። ወተት፣ ከገብስና ከስንዴ የሚመጣው ግሉተን፣ ዱቄቱ በቀላሉ እንዲሟሟ የሚገባው የአኩሪ አተር ሌሲቲን፣ አለርጂ ስለሚያስነሡ ጽሑፉ ላይ መታየታቸው ይታይ። ድርድሩና ክፍያው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይደርሳል።

በመጨረሻ ጣሳው ፊት ላይ ያሉት ተስፋዎች አንድ በአንድ ይፈተሹ። ካልሲየም ለልጆች አጥንት ዕድገት ያስፈልጋል ማለት በአውሮፓ ኅብረት ሳይቀር የተፈቀደ አነጋገር ነው፤ ይህ መጠጥ ልጅዎን ያስረዝማል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማስረጃ ይጠየቅበታል። አስመጪው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ «ያስረዝማል»፣ «ያጠነክራል»፣ «ጤና» የሚሉት ቃላት ነገ ከጣሳው ቢፋቁ፣ ዕቃው በዚህ ዋጋ ይሸጣል ወይ? ማይሎ ያለ ኮከቦቹ፣ ቦርንቪታ ያለ ማዕረጉ ዛሬም ይሸጣሉ፤ ወተት አልጠጣም የሚልን ልጅ የሚያስጠጣ ጣፋጭ ነገር በራሱ ገዢ አለው። መልሱ «አይሸጥም» ከሆነ ግን አስመጪው ሊሸጥ የተነሣው ፈቃዱን ያልያዘለትን መድኃኒት ነውና፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢተወው ይሻለዋል።